የሰባት ቁጥር አዳራሽ ቁልፍ

ሲኒማ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ፊልም እንደ ድሮው ተጠቅልሎ በሸክም ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ የሚዛወር ቢመስለው አይፈረድበትም። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ግን ሲኒማ ቤት እየሠራ ነው እንዲህ የሚያስበው። ፊልሙ ዛሬ ተቆልፎ ይመጣል፤ ቁልፉም ለአንድ ሰርቨር፣ ማለትም በአንድ አዳራሽ ፊልሙን ለሚያጫውተው ኮምፒውተር፣ ያውም ለተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ የተዘጋጀ ፋይል ነው። ለሦስት ቁጥር አዳራሽ የታዘዘው ሰባት ቁጥርን አይከፍትም። ይህን በቃል ነግሬዋለሁ፤ በጽሑፍም ልኬለታለሁ። ጽሑፉ አሁንም አለኝ።

ቦታው ቨርጂኒያ ነው፣ ጊዜው የኦገስት 2023 መጨረሻ። የሪኪ ሂልን ታሪክ የሚተርከው ፊልም ገና መታየት መጀመሩ ነበር። የቴክሳስ ድሃ ሰባኪ ልጅ ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ታሞ እግሩ በብረት ታስሮ እያለ ድንጋይ በዱላ እየመታ ቤዝቦል ይለማመዳል። በዴኒስ ኩዌድ የሚወከለው አባቱ ደግሞ ልጁን ለስብከት መድረክ እንጂ ለሜዳ አልወለደውም። እንዲህ ያለ ፊልም ሲመጣ ትኬት የሚገዛው ቤተ ክርስቲያን ነው። በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ፈንዲሻውን ይጨርሳሉ፣ ወንበር ሥር ግን ምንም ጥለው አይሄዱም። እኔ እወዳቸዋለሁ።

የዚያን ቅዳሜ እንግዶች የአገሬ ልጆች ነበሩ፤ የአንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው። ሥራ አስኪያጁ የተሸጠው ትኬት ሲበዛበት ጠዋት ከሦስት ቁጥር ወደ ሰባት ቁጥር አዛወራቸው። ለእኔ የነገረኝ ሰዉ ተቀምጦ ካለቀ በኋላ ነው።

«ፊልሙ ያው አንድ ፊልም አይደለም?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ማስታወቂያዎቹ ቁልፍ ስለማይፈልጉ ያለንን በሙሉ ለቀቅሁላቸውና ወደ ስልኩ ሮጥሁ። ቁልፍ የሚያወጣው ድርጅት ካሊፎርኒያ ነው፤ ሙዚቃ ያሰማሉ፣ ከዚያ የሰርቨሩን መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሙዚቃ። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ በሩ ላይ ቆሞ «የቴክኒክ ችግር ነው» ይላል። በእኛ ቤት የቴክኒክ ችግር ማለት እኔ ነኝ።

ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝሁ ወደ አዳራሹ ስገባ አንዲት እናት ተነሥተው «እንጸልይ» አሉ። ተጸለየ። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አሜን ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አንተ ስልኩን እንዳትዘጋው፣ ልጄ» አሉኝ።

እኚህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ዋሽንግተን ከ1971 በኋላ የቤዝቦል ቡድን አልባ ሆና በከረመችባቸው ዓመታት ባልቲሞር ድረስ እየሄዱ ጨዋታ ያዩ ነበር። ማስታወቂያው አልቆ መብራቱን ስናበራ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡና ለልጆቹ ስለ ሳንዲ ኮፋክስ ያወሩ ጀመር። 1965 ነው፤ ዎርልድ ሲሪስ በሚባለው፣ እስከ ሰባት ጨዋታ በሚዘልቀው የቤዝቦል ዋንጫ ፍልሚያ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ዮም ኪፑር ከሚባለው የአይሁድ ቅዱስ ቀን ጋር ተገጣጠመ። የዘመኑ ታላቅ ኳስ ወርዋሪ አይሁዳዊ ነውና አልጫወትም አለ። በእሱ ቦታ የገባው ዶን ድራይስዴል ሦስተኛውን ዙር እንኳ ሳይጨርስ ወጣ፤ ቡድናቸው ዶጀርስ 8 ለ 2 ተሸነፈ።

«በማግሥቱ ኮፋክስ ተመለሰ» አሉ ሽማግሌው፤ እዚህ ላይ ቆም አሉ፤ ልጆቹም ድሉን ጠበቁ። «ተሸነፈ!»

አንድ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ እግዚአብሔር ለምን አልረዳውም? ለእርሱ ብሎ አይደለም እንዴ የቀረው?»

«ለማሸነፍ ብሎ ቀረ ማን አለህ?»

ልጁ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። በስልኩ ሴትዮዋ የመለያ ቁጥሩን እንድደግምላት ስትጠይቀኝ አልሰማኋትም ነበር። ጸሎት ያስጀመሩት እናት በዚህ መልስ ደስ ያላቸው አይመስሉም።

ቁልፉ በኢሜይል መጣ። በፍላሽ ገልብጬ ሰርቨሩ ላይ ጫንሁና ተከፈተ። መብራቱን ላጠፋ ስል ግን ከአዳራሹ ጩኸት ተነሣ፤ ኮፋክስ አምስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ለሰባተኛውና ለመጨረሻው ገና እየወጣ ነበር። «ጥቂት ታገሠን፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። ያን ያህል ሰው ያስጠበቀ ፊልም አሁን እሱ ራሱ ጠበቀ። 2 ለ 0 ሆነ፣ ተጨበጨበ፣ መብራት ጠፋ።

ከፊልሙ ሲወጡ ያው ልጅ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ ይከራከራል። እውነተኛው ሪኪ ሂል በ1975 ሞንትሪያል ኤክስፖስ ለተባለው የቤዝቦል ቡድን ፈረመ እንጂ ትልቁ ሊግ ድረስ አልዘለቀም፤ ልጁን ያናደደውም ይኸው ነው። ሽማግሌው ምን እንደመለሱለት አልሰማሁም፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ነጻ ፈንዲሻ ኩፖን እያነጋገረኝ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ እኚያ እናት ቁልፉ በጸሎት እንደመጣ በጉባኤው መካከል መስክረዋል አሉ። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ ቢያንስ እርሳቸው ጸልየዋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ለዋናው መሥሪያ ቤት በጻፈው ሪፖርት ችግሩን «በፈጣን ውሳኔ» እንደፈታው አስፍሯል። ቅጂው ለእኔም ደርሶኛል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፊልም ሲመጣ ቁልፍ የማዝዘው ለሁሉም አዳራሽ ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት ሰዎች ገርሟቸው እንደሆነ አልነገሩኝም። ሥራ አስኪያጁ በቅርቡ አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ከአራት ወደ ስምንት አዛወረና ፊልሙ በሰዓቱ ጀመረ።

«አየህ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ያን ጊዜ ዝም ብለህ ነው የተጨነቅኸው።»