«ስሟን እናንተ ፈጠራችሁት?»

አሜሪካ ውስጥ ሴት ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ይህችን ጥያቄ ሳይሰማት አይቀርም። እኔን የጠየቀችኝ ቫኔሳ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት። ክፋት የላትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ልጄ ምንትዋብ ትባላለች።

እኔም ስለ ራሷ ስም ነገርኳት። ቫኔሳ የሚለውን ስም የፈጠረው በ1700ዎቹ መጀመሪያ የኖረው የአየርላንዱ ደራሲ ጆናታን ስዊፍት ነው። የቤተሰብ ስሟ በ«ቫን» የሚጀምር፣ አስቴር የምትባል ወዳጅ ነበረችው። «ቫን»ን ከዚያ ወሰደ፤ ከአስቴር ቁልምጫ «ኤሳ»ን ጨመረና አንድ አደረጋቸው። ስለዚህ የተፈጠረው የእሷ ስም ነው፤ ግማሹም አስቴር ነው። ቫኔሳ ይህን በጭራሽ አታውቅም ነበር። በጣም ደስ አላት።

ምንትዋብን ግን ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አልገጣጠመውም። የአፄ በካፋ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጇ ከኢያሱ ጋር ዘውድ የጫነች፣ ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠራች እቴጌ ስም ነው። «ምን ትዋብ!» የሚል አድናቆት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጥያቄው አይደለም። ልጄ የምትውልበት የሕፃናት መዋያ፣ ዴይኬሩ፣ ያደረገው ነው። አንድ ቀን ልወስዳት ስገባ ጃኬቷ ከተሰቀለበት በላይ «ሚንቲ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሌላ ልጅ መስሎኝ ነበር። አስተማሪዋ «አጠር እንዲልልን ብለን ነው፤ ልጆቹም ወደውታል» አለችኝ። አንድም ሰው አላማከረኝም።

ቅዳሜ እናቴ ደወለች። «ምንትዋቤ፣ የኔ እመቤት» ስትላት ልጄ በእንግሊዝኛ «ስሜ ሚንቲ ነው» ብላ መለሰች። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «ሚንቲ ደግሞ ማናት?» አለችኝ። ስሙን ያወጣችላት እሷ ናት። በስደት ብዙ አይቻለሁ። ሥራ ተከልክያለሁ፣ አነጋገሬ ተስቆበታል። እንደዚያ ቀን ግን አንጀቴ አርሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ወረቀቱን አስቀየርኩ። ልጆቹ «ምንትዋብ» ለማለት ምንም አልቸገራቸውም። የተቸገሩት አዋቂዎቹ ነበሩ።

የእኛ የሴት ልጅ ስም እኮ ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ካሳነሽ ስትባል ከእሷ በፊት የታጣ ሰው እንዳለ ይገባችኋል። ማስረሻም እንደዚያው። ዓለምነሽን በስሟ በጠራችኋት ቁጥር ዓለም መሆኗን ትነግሯታላችሁ። ብርቱካን ደግሞ መንገደኛ ስም ነው፤ ዐረቦች ፍሬውን በፖርቱጋል ስም ጠሩት፣ ከእነሱ ወደ እኛ መጣ። ደራርቱ ኦሮምኛ ነው፤ ከአበባና ከማበብ ጋር የተያያዘ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ስሟ እንዳለ ነው ለዓለም የተነገረው። ማንም «ዴዴ» አላላትም።

አገር ቤት ያላችሁትም ግን ስሙኝ። ልጆቻችሁን «ሄቨን» ማለት አብዝታችኋል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ያንኑ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው «ኔቬያ» አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አገሪቱ በብዛት ከምታወጣቸው 1,000 የሴት ልጅ ስሞች መካከል ገባ። የተገለበጠ ቃል የለመደ ሕዝብ ምንትዋብ ሊከብደው አይገባም። እናንተም አጭርና ለየት ያለ ከፈለጋችሁ እነ ናርዶስና ሩሃማ አሉላችሁ። ናርዶስ በወንጌል ማርያም የኢየሱስን እግር የቀባችበት ሽቶ ነው። ሩሃማ ከትንቢተ ሆሴዕ የተወሰደ ነው፤ ምሕረት ያገኘች ማለት ነው። ሁለቱም በፈረንጅ አፍ አይሰበሩም።

ሴት ልጅ ይዛችሁ ልትመጡ የምታስቡ፣ ወይም እዚህ ለመውለድ የተቃረባችሁ፣ ለፈረንጅ እንዲቀል ብላችሁ ስሟን አትለውጡ። ፀ፣ ጠ እና ቀ ያሉበት ስም መጎዳቱ አይቀርም፤ ጽጌ «ሲጌ» ትሆናለች። እሱን ቻሉት። አጠራር መሳትና ስም መንጠቅ ለየቅል ናቸው። ዴይኬር በገባች በመጀመሪያው ቀን ግን ስሙን ለአስተማሪዋ ቀስ ብላችሁ አስለምዷት፤ ቁልምጫ ከፈለጉም እናንተው ምረጡላት።

በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ወስኑ። ፓስፖርቱም፣ የልደት ሰርተፊኬቱም፣ የክትባት ካርዱም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዲት ፊደል ከተለየች በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ያንከራትታል።

ሌላው የአባት ስም ነው። እዚህ ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል። እኛ በአገራችን ወግ የአባቷን ስም ስላስከተልን እኔና ልጄ በወረቀት አንገናኝም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ልጅሽ ናት?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። የልደት ሰርተፊኬቷን ይዤ ስለነበር ቶሎ አለፍኩ፤ እናንተም ከእጃችሁ አትለዩት። ባለቤቴም ብቻውን ይዟት ሲጓዝ ያስፈልገዋል፤ የእሱ የመጨረሻ ስም የአባቱ ስለሆነ ከልጁ ጋር አይገጥምም።