ውሃ የማይጠጣ ልብስ

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ አዲሱን የዋና ልብሴን አውጥቼ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ቁጣዋን አንዴ ሰምቼ ልገላገል ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። መጀመሪያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ብርሃን ላይ ዘረጋችው፤ ቀጥሎ ለጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። መንዝ ተወልዳ የበግ ፀጉር ስትፈትል ያደገች ሴት ናት፤ ጨርቅ የምትመረምረው እንዲህ ነው። እኔ እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የተጀመረው በጉልበቴ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። አምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ውሃ ውስጥ እንድንቀሳቀስ መከረችኝ። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም ጉልበቱ የሚሸከመው ክብደት ወደ ግማሽ እንደሚወርድ፣ እስከ ደረቱ ሲገባ ደግሞ ሲሶ ያህል ብቻ እንደሚቀር በእጇ ከፍታውን እያሳየች አስረዳችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። "ምን ለብሼ?" የሚለው ጥያቄ የመጣብኝ መንገድ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። በልጅነታችን እኛ ሴቶቹ በሬሳ ወንዝ የምንወርደው ልብስ ልናጥብ ነበር፤ ሲዋኙ የማውቃቸው ወንዶቹን ነው። እኔን ውሃ ከራስ እስከ እግር ያገኘኝ ጸበል ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም በነጭ ቀሚስ። የረጠበ ጥጥ እንዴት እንደሚከብድ፣ እንዴት ገላ ላይ እንደሚለጠፍ ከዚያ አውቅ ነበር። እያወቅሁም የመጀመሪያ ቀን ወደ መዋኛ የሄድኩት በጥጥ ቲሸርትና በታይት ነው፤ እፍረቴን ይሸፍንልኛል ብዬ። ገንዳው ውስጥ እንደገባሁ ቲሸርቱ አየር ይዞ እስከ አገጬ ተነፋ። ወደ ታች ልጎትተው በሁለት እጄ ስይዘው መራመድ አቃተኝ። ስወጣ ደግሞ ውሃውን የጠጣው ጨርቅ ተጣብቆ ልደብቅ የፈለግሁትን ሁሉ አወጣው። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ደህና የዋና ልብስ ለብሳ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ የተሸፈነችው እሷ ነበረች።

ሁለተኛውን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አገኘሁት። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከአንገት ኋላ የሚታሰር፣ ዓይን የሚስብ። ግን ስለጥጠው ውስጡ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ የላስቲኩ ክር መሞቱን እንደሚናገር ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ውሃ ሲነካው መቀመጫው ላይ ተንጠለጠለ። ማሰሪያው ደግሞ የደረቴን ክብደት በሙሉ አንገቴ ላይ ጣለብኝና ራሴን እያመመኝ ተመለስኩ። ደረታችን ሞላ ያልን ሴቶች ያን ዓይነቱን ለፎቶ ካልሆነ ባንገዛው ይሻላል። ሰፋ ያለ፣ ጀርባ ላይ ተሻግሮ የሚያዝ ማንገቻ ክብደቱን ለትከሻ ያካፍለዋል፤ እጅ ሲነሳም አይንሸራተትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄድኩት። "እትዬ፣ ለዋና ልብስ ልኬን ውሰዱልኝ" ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሜትራቸውን አነሱ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለኩኝና ሊጨርሱ ሲሉ አንድ ልክ እንደቀረ ነገርኳቸው፤ ከትከሻ ተነስቶ በደረት ላይ፣ በእግር መሐል አልፎ፣ በጀርባ ወደዚያው ትከሻ የሚመለሰው። 164 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ለአንድ ወጥ የዋና ልብስ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ልክ ይመስለኛል። ሁለት ሴቶች ወገባቸውም ዳሌያቸውም እኩል ሆኖ የአንዷ ደረትና ሆድ ረጅም ከሆነ ያው ልብስ አንዷን ትከሻዋን ይቆርጣታል፣ ሌላዋን ይንዘላዘልባታል። እኔ ስንት ዓመት "ወፍሬ ነው" እያልኩ ገላዬን ስወቅስ ኖሬአለሁ። የቁመት ጉዳይ ነበር።

ጨርቁስ? አብዛኛው የዋና ልብስ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሲሆን የሚለጠጠው ክር ይቀላቀልበታል። ላይክራ የምንለው ያ ክር ዱፖንት በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው። ጠላቱ ክሎሪን፣ ሙቀትና ፀሐይ ናቸው። ስለዚህ ገንዳ ለምታዘወትር ሴት ክሎሪን የበለጠ የሚችለው ፖሊስተሩ ይሻላታል፤ ናይለኑ ለገላ ይለሰልሳል እንጂ ቶሎ ይደክማል። እኔ ፖሊስተር የሚበዛበትን ወሰድኩ።

አንድ ሱቅ ውስጥ ገና እንደለበስኩት ሻጯ "እህቴ፣ ያምርብሻል፣ ውሰጂው" አለችኝ። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ከታች ተሳበ፤ ቁጢጥ ብዬ ስነሳ ከኋላ ወጣ። ቆሞ ማማርማ ምን ያደርግልኛል? ውሃ ውስጥ የምገባው ልንቀሳቀስ ነው። ትቼው ወጣሁ። ይህኛውን ስለካው ግን ጎንበስ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እጄን አሽከረከርኩ፤ አንዴም ልጎትተው አልተመኘሁም። ሲደርቅ ጠበቅ ይላል፤ እንደዚያ መሆን አለበት፣ ውሃ ሲያገኘው ይላላልና።

ማማሩንም አልተውኩትም። ሁለት ልጅ የወለድኩበት ሆዴ አለ፤ እወደዋለሁ፣ ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ አልፈልግም። ሆዱ ላይ በጎን በጎኑ የተሰበሰበ ጨርቅ አለው፤ እጥፋቱ ቅርጹን ያለሰልሰዋል። አንገቱ ሾል ብሎ ስለወረደ አንገቴን ያስረዝመዋል። ከታች እስከ ጭኔ አጋማሽ ይደርሳል። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ ውስጡ ሙሉ ገበር። ገበር የሌለው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ልብስ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ጸበል ቦታ የነበረች ሴት ሁሉ ታውቃለች።

የሸዋ ሮቢት ልጅ የሆነች ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ የምትለብሰው ቡርኪኒ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አሂዳ ዛኔቲ የምትባል ሊባኖስ የተወለደች አውስትራሊያዊት የፈጠረችው። ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናታል፣ ጨርቁም የዋና ጨርቅ ስለሆነ እንደኔ ቲሸርት አይነፋባትም። ወደ ሶደሬ አብራን ትሄዳለች፤ የፋሲካ ዕረፍት ላይ ነው ያቀድነው።

እማዬ ልብሱን መርምራ ስትጨርስ "ይሄ ውሃ አይጠጣም" አለች። ድሮ ፈረንጆቹ ራሳቸው በበግ ፀጉር ልብስ ይዋኙ እንደነበር ነገርኳት።

"በፀጉር? እንደ ባና?"

"እንደ ባና ባይሆንም፣ በበግ ፀጉር ክር የተሠራ።"

"አይ ልጄ! ባና ውሃ ከጠጣ እኮ ብቻዬን አንስቼው አላውቅም፤ አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ይዘን ነበር የምንጨምቀው። እንዴት አልሰጠሙ?"

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ስለ እጥበቱ ጠየቀችኝ። ከውሃ እንደወጡ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ አለመጭመቅ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ጫን ማድረግ፣ ጥላ ላይ ማስጣት። እዚህ ደጋ ላይ ፀሐዩ ቀለም ስለሚበላ ከመኝታ ቤቴ በር ኋላ ልሰቅለው አስቤ ነበር። "እዚያማ ይሸታል" አለች፤ ነፋስ የሚያገኘው በረንዳው ላይ ነው፣ ከነጠላዋ ጎን።

ሲኒዎቹን ሰብስቤ ስነሳ እሷ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ እያሸች ነበር።

"ያ ሶደሬ ያልሽው" አለችኝ፣ "ውሃው ፍል ነው አልሽኝ?"