የትሪፕል ኤች ጭን የተበጠሰበት ምሽት

እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2001 ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ «ሮው» የተባለው የሬስሊንግ (የትዕይንት ትግል) የቴሌቪዥን ፕሮግራም በቀጥታ ስርጭት ላይ ነበር። ክሪስ ጄሪኮ ስቲቭ ኦስቲንን በሆዱ አስተኝቶ፣ ሁለት እግሩን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ ኋላ እየለጠጠው ነው። የኦስቲን የቡድን ጓደኛ ትሪፕል ኤች ሮጦ ገብቶ ማስለቀቅ ብቻ ነበረበት። ግራ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሊቆም ሲል የፊት ጭኑ ጡንቻ ከአጥንቱ ተላቀቀ። የነካው ሰው አልነበረም።

ሬስሊንግ ውሸት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል፣ እውነት ነው። ጅማት ግን ማን እንደሚያሸንፍ አያውቅም።

የትሪፕል ኤች እውነተኛ ስሙ ፖል ሌቬክ ነው። በ14 ዓመቱ ክብደት ማንሳት ጀመረ፤ በ1988፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በኒው ሃምፕሸር የወጣቶች ሰውነት ግንባታ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ማሳቹሴትስ ውስጥ የቀድሞው ታጋይ ኪለር ኮዋልስኪ ትምህርት ቤት ገብቶ ትግሉን ተማረ፤ በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ ሪንግ ላይ ወጣ። በሩን የከፈተለት ያ ሰውነት ነው፤ ቴሌቪዥን ሰፊ ትከሻና ወፍራም ጭን ይወዳል። ሥራው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

የፊት ጭን (ኳድ) አራት ጡንቻዎች አሉት። አራቱም ወደ አንድ ወፍራም ጅማት ተጠቃለው የጉልበት ሎሚ ላይ ይያያዛሉ፤ ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ደግሞ ከቅልጥም አጥንት ጋር ያገናኛቸዋል። ጂም ውስጥ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሲሠራ ክብደቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሁለቱም እግሮች እኩል ይሸከማሉ። ሪንግ ላይ ከ110 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው በሩጫ መጥቶ በአንድ እግር ሲቆም ጉልበቱ በትንሹ ታጥፏል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ባለበት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይኮማተራል። ያኔ ጡንቻው ፍሬን ነው፤ የኳድ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰውም በዚሁ አኳኋን ነው። ጡንቻ በጥቂት ወራት ሊወፍር ይችላል፤ የደም ዝውውሩ አነስተኛ የሆነው ጅማት ግን በዚያ ፍጥነት አይጠነክርም። የሪንጉ ወለልም አይረዳም፤ በብረት ላይ የተደረደረ ጣውላ፣ ከላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ ነው፣ ሲረገጥ ይነጥራል።

የኳድ መበጠስ ምልክቱ ግልጽ ነው። የተጎዳው ሰው እግሩን ቀጥ አድርጎ ከመሬት ማንሳት ያቅተዋል፤ ከሎሚው በላይ በጣት ሲዳሰስ ጎድጎድ ይላል፤ ሎሚው ራሱ ወደ ታች ዝቅ ይላል። እንዲህ በሆነ እግር ላይ መቆም አይገባም።

ትሪፕል ኤች ግን ቀጠለ። ጄሪኮ በኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ያንኑ መያዣ እንዲይዘው ታቅዶ ነበር፤ ይህ መያዣ ጭንን ከፊት በኩል ይለጥጣል። እንዲቀየርለት አልጠየቀም፣ ተያዘ። ከዚያ ተነስቶ በመዶሻ ሊመታው ሲሰነዝር ጄሪኮ ሸሸ፣ ምቱ ኦስቲን ላይ አረፈ፤ ውድድሩም በዕቅዱ መሠረት አለቀ። ለዓመታት ይህ እንደ ጀግንነት ሲወራ ኖሯል። ወኔው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በሌላ በማንኛውም ሥራ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ተጎድቶ ሥራውን ቢቀጥል ማቆም የነበረበት ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ሕመሙ ላይ ያለ ሰው፣ በቀጥታ ስርጭት፣ በሺዎች ፊት፣ «ይብቃኝ» ይላል ብሎ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀዶ ሕክምናውን በርሚንግሃም፣ አላባማ ዶክተር ጄምስ አንድሩስ ሠሩለት። የተበጠሰ የኳድ ጅማት በአብዛኛው የሚጠገነው በጠንካራ ክር ተሰፍቶ፣ የጉልበት ሎሚው ውስጥ ከላይ ወደ ታች በሚበሱ ሦስት ቀዳዳዎች ክሩ ካለፈ በኋላ ከሥር ሲቋጠር ነው። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ ከዘገየ ጡንቻው ወደ ላይ ይሸሽና ለመሳብ ያስቸግራል። ከዚያ እግሩ ለስድስት ሳምንት ያህል በድጋፍ ቀጥ ተደርጎ ይያዛል። መጀመሪያ የሚሠራው ጭንን ሳያንቀሳቅሱ ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ጉልበቱ በጥቂት ዲግሪ እየታጠፈ ይሄዳል፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ግማሽ ስኳት። ሩጫ ወራት ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋ ጅማቱ የዳነ ይመስለዋል።

ትሪፕል ኤች ጃንዋሪ 7 ቀን 2002 ኒው ዮርክ ውስጥ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ላይ ተመለሰ። በዚያው ወር ሮያል ራምብል የተባለውን ውድድር አሸነፈ፤ ማርች 17 ቶሮንቶ ላይ ደግሞ ጄሪኮን አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደ። በዚያ ውድድር ጄሪኮ ደጋግሞ ያጠቃው ያንኑ ግራ እግር ነበር። በጃንዋሪ 7 ቀን 2007 ካንሳስ ሲቲ ላይ የቀኝ ጭኑ ተበጠሰ። እንደገና አንድሩስ ዘንድ፣ እንደገና ከሰባት ወር በላይ እረፍት።

እሱ ብቻ አይደለም። ከሰውነት ግንባታ የመጣው ጆን ሲናም በኦክቶበር 1 ቀን 2007 ተጋጣሚውን በእጁ ሲወረውር የደረቱ ጡንቻ ከአጥንቱ ተላቀቀ፤ ውድድሩን ጨረሰ፣ ከዚያም በሌላው ታጋይ በራንዲ ኦርተን መደብደቡን ጨምሮ የተያዘለትን ሁሉ ፈጸመ።

ከጂም ወደ ሪንግ የሚሻገር ሰው ክብደት ከመጨመሩ በፊት መቆምን ይለማመድ። ከዝቅተኛ ሳጥን ላይ ወርዶ በሁለት እግር፣ በኋላ በአንድ እግር ማረፍ፤ ስኳትን አራት አምስት ሰከንድ ወስዶ መውረድ፤ አጭር ሩጫ ሮጦ በድንገት መቆም፣ ሰውነት ሲሞቅ እንጂ በብርድ አይደለም። አወዳደቁንም ይማር፦ አገጭ ወደ ደረት፣ የላይኛው ጀርባ ቀድሞ፣ ክንዶች ወደ ጎን ተዘርግተው ወለሉን ሲመቱ ትንፋሽ ወደ ውጭ።

ምልክቶቹንም እንደ ትግሉ አጥብቆ ይልመድ። ተፋላሚዎች አንዱ የሌላውን እጅ ጨምቆ «ደህና ነህ ወይ?» ይባባላሉ፤ መልሶ ካልጨመቀ ነገሩ ይቆማል። ዳኛው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ በኤክስ ቅርጽ ካጣመረ ጉዳቱ እውነተኛ ነው ማለት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሐኪሙ ይንቀሳቀሳል። ምልክቱን ዳኛው ካሳየ በኋላ «ልጨርሰው» የሚለው የተጎዳው ሰው ቃል መሰማት የለበትም።