ከ14 ዓመት በኋላ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ዝናቡ ይሁን ስልኩ፣ እንጃ። ከድሮው መሥሪያ ቤት ነው የተደወለው። «የግዢ ኮሚቴው እንደ አዲስ ሊዋቀር ነው፤ ነይ ተመለሺ» አሉኝ የድሮው አለቃዬ።

የመልሱን ደብዳቤ ላትም ስል መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሼ ፕሪንተሩ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ሳይ ቆየሁ። ኤችፒ። ሁለተኛው ፓካርድ ነው፣ ዴቪድ ፓካርድ። በቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ላይ ያለፋችሁ ፋውንዴሽኑን ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ከጓደኛው ከሂውሌት ጋር ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ኩባንያውን ጀመሩ። ካፒታላቸው 538 ዶላር። የማን ስም ይቅደም ብለው ሳንቲም ወረወሩ። ኩባንያው ካደገ በኋላም ፓካርድ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሪፖርት የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም፤ እየዞረ ሠራተኛውን ሥራው ላይ ያነጋግር ነበር።

በ1969 የአሜሪካ መከላከያ ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ፔንታጎን ገባ። 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮኑን በአደራ አስቀምጦ፣ ጭማሪው ለበጎ አድራጎት እንዲውል ተስማምቶ ነው የገባው። እዚያ ገና ወረቀት ላይ ያለ አውሮፕላን ውል ይፈረምበት ነበር። እሱ መጀመሪያ ይብረር፣ ከዚያ ይገዛ አለ። ሁለት ኩባንያዎች ናሙና ሠርተው ያምጡ፣ ሁለቱም ይብረሩ፣ የተሻለው ይመረጥ። ኤፍ 16 የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው።

የኛ ግምጃ ቤት ትዝ አለኝ። ያ ማሽን። በካታሎግ ታይቶ ተገዛ፤ ሲመጣ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ሕንፃው ደግሞ የለውም። ሸራ ለብሶ ቀረ። ሸራው ላይ በጣት ስም የሚያስጽፍ አቧራ ነበረበት። ሳይሞከር አይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ከዚያ መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ፓካርድም በ1971 መጨረሻ ለቀቀ። ነገሩ ግን አልተስተካከለም። በ80ዎቹ ፔንታጎን ለአንድ መዶሻ 435 ዶላር ከፈለ ተብሎ አገሩ ሁሉ አወራ። በ1985 ፕሬዚዳንት ሬገን ጠሩት። ዕድሜው ከ70 አልፏል። እሺ ብሎ የመከላከያውን አሠራርና ግዢ የሚያጠና ኮሚሽን መራ።

ሰው ሌቦቹን ስጡን ሲል፣ ሪፖርቱ ከባዱን ኪሳራ ያመጣው ከስግብግብነት ይልቅ የተወሳሰበው አሠራር ነው አለ። ይቺን ሳስብ ሆዴ ባባ። እኔ እዚያ ቤት ሰዎቹን ነበር የወቀስኩት፣ አንድ በአንድ፣ ማታ ማታ። እሱ አሠራሩን ነካ። በ1986 ግዢውን ከላይ የሚመራ አንድ ኃላፊ እንዲኖር ተደረገ፣ የጦር ኃይሎቹን የሚያስተባብረው ኤታማዦር ሹምም በሕግ ሥልጣኑ ጠነከረ።

መብራት መጥቷል፣ አሁን ነው ያየሁት። እኔ ግን ስለዚያ 14 ዓመት እያሰብኩ ነው። በ1971 ጠረጴዛውን ባዶ አድርጎ ሲወጣ፣ አንድ ቀን ለዚያው ጉዳይ እንደሚመለስ ታውቆት ይሆን?