እየራባቸው የሚወፍሩ

ሰሞኑን ሀሳቤን የያዘው አንድ ነገር ነው። የቆመ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርጉት፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ሲያጥራቸው ዝም ብለው አይከሱም። ይወፍራሉ። ውስጣቸው በስታርችና በዘይት ይሞላል፣ ቀለማቸው ይለወጣል፣ መባዛት ያቆማሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ይህን ካነበብኩት ዓመታት ሆኑ፣ ለተማሪዎቼም በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፣ ግን በገዛ ዓይኔ ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ቤቴ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው በኩል ነው። መስኮቴ ላይ ሁለት ሃይላንድ አስቀምጫለሁ። ውስጣቸው ያለው አልጌ የመጣው ግቢያችን ውስጥ የጣራ ውሃ ከሚጠራቀምበት በርሜል ነው፤ ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲያገኘው ሁሌም አረንጓዴ ይሆናል። አልጌው እስኪዘቅጥ ጠበቅሁና የላዩን ውሃ ደፍቼ በታሸገ ውሃ ተካሁት። ለሁለቱም ከከሰል አመድ ትንሽ በውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ ጨመርኩ። አመድ ውስጥ ፎስፈረስ፣ ፖታሽየምና ሌሎች ማዕድናት ይገኛሉ፣ ናይትሮጅኑ ግን ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ሄዷል። ለአንደኛው ብቻ ደግሞ ዩሪያ ጨመርኩለት፣ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጌ። ያው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ነጭ ማዳበሪያ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ናይትሮጅን ብቻ እንዲሆን ነው የፈለግሁት።

መጀመሪያ ምንም አልተለያዩም። ሁለቱም አረንጓዴ። ተማሪዎቼ ቢሆኑ እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጡ ነበር፣ እኔ ግን ይህን መዘግየት በጣም ነው የምወደው። ስኮትላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይክል ድሩፕ እ.ኤ.አ. በ1968 አንዲት ትንሽ የባሕር አልጌ ቫይታሚን ቢ12ን እንዴት እንደምትጠቀም ሲያጠና ያሳየው ነገር አለ። የአልጌ እድገት የሚከተለው ውጭ ውሃው ውስጥ ያለውን ምግብ ሳይሆን ሴሉ ውስጥ ያለውን ስንቅ ነው። ውሃው ባዶ ከሆነ በኋላም ሴሉ በያዘው ስንቅ መከፋፈሉን ይቀጥላል፣ በተከፈለ ቁጥር ግን ስንቁ ለልጆቹ እየተካፈለ ይሳሳል፣ ከዚያ አንድ ወለል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ያ ዩሪያ ሳያገኝ አረንጓዴ ሆኖ የሰነበተው ጠርሙስ ምንም ያልተሰማው እንዳይመስላችሁ። ስንቁን እየበላ ነበር።

ከዚያ ቢጫ መሆን ጀመረ። ዩሪያ ያገኘው እየጠቆረ፣ እየጠነከረ አረንጓዴ ሲሆን ሌላኛው ወደ ገረጣ ቢጫ ሄደ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሞቷል፣ ድፊው በቃ» አለችኝ። እንዲህ ማለቷ አይገርምም፤ ቅጠል ሲገረጣ ስታይ ነው የኖረችው።

ግን አልሞተም። አረንጓዴው ቀለም ክሎሮፊል ነው፤ አንድ የክሎሮፊል ሞለኪውል መሃሉ ላይ 4 የናይትሮጅን አቶሞች አሉት፣ ክሎሮፊሉን አቅፈው የሚይዙት ፕሮቲኖች ደግሞ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ናይትሮጅን ይዘዋል። ሴሉ ሲቸግረው ይህን ንብረቱን ይፈታታል። ብርሃን መያዣውን ራሱን አፍርሶ፣ ያገኘውን ናይትሮጅን የግድ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ለመሥራት ያውለዋል። አረንጓዴው ሲቀንስ ከሥሩ የነበሩት ቢጫ ቀለሞች፣ ካሮቲኖይዶቹ፣ ይታያሉ። ሌላም ጥቅም አለው። መሥራት ያቆመ ሴል እንደ ድሮው ብርሃን ቢሰበስብ የተረፈው ጉልበት ሴሉን ያቃጥለዋል፣ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል። ክሎሮፊሉን መቀነስ መከላከያም ነው ማለት ነው።

ከሁለቱም ጠርሙስ ትንሽ ትንሽ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና ከተማሪዎቼ ጋር በማይክሮስኮፕ አየነው፣ 400 ጊዜ አጉልተን። ዩሪያ ያገኙት ትንንሽና ጥርት ያለ አረንጓዴ ናቸው፣ ብዙዎቹ ለሁለት፣ ለአራት እየተከፈሉ። ያላገኙት ገርጥተዋል፣ ሰፋ ሰፋ ብለዋል፣ የሚከፈል አጠገባቸው የለም፣ ውስጣቸው ግን የሚያበሩ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አሉ። ዘይት ነው። ከዚያ በሽፋኑ መስታወት ጠርዝ አንዲት ጠብታ አዮዲን አስገባን፤ አዮዲን ስታርች ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የጠገቡት ቡናማ ሆኑ፣ መሃላቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀረ። የተራቡት ግን ቀስ እያሉ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ሆኑ። በስታርች ተሞልተዋል። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለና ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እየራበው እንዴት ይወፍራል?» አለኝ።

ምን እንደራበው ነው መጠየቅ ያለብህ አልኩት። እኛ ከተማ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ ግንባታው ይቆማል፣ አሸዋ የጫነው መኪና ግን መምጣቱን ካላቆመ ግቢው በአሸዋ ክምር ይሞላል። ናይትሮጅን ሲሚንቶው ነው። ያለሱ ፕሮቲን የለም፣ ዲኤንኤ የለም፣ ስለዚህ አዲስ ሴል የለም። ፀሐይና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ስታርችም ዘይትም ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ የሚሠሩ ናቸው፣ ናይትሮጅን አይፈልጉም። ሴሉ ሊገነባበት ያልቻለውን ካርቦን በእነሱ መልክ ያከማቻል።

ይህን ውፍረት ሰዎች ለነዳጅ ፈልገውት ነበር። አሜሪካኖች ከ1978 እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት በመንግሥት በጀት ሰፊ ጥናት አድርገዋል። አልጌውን አስርበው ዘይቱን መጭመቅ ጥሩ ሀሳብ ይመስል ነበር። ያገኙት መልስ ግን ግልጽ ነው፤ የእያንዳንዱ ሴል ዘይት ይጨምራል፣ የሴሎቹ እድገት ግን ስለሚቀንስ በጠቅላላው የሚመረተው ዘይት አይጨምርም። እኔ ይህ ውጤት ሁሌም ልክ ነው ይለኛል። ሴሉ ዘይቱን ያስቀመጠው ለራሱ ነገ ነው።

እዚሁ ጋ ስለ ክላሚዶሞናስ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም የተማሪነቴ ፍቅር እሷ ነች። ሁለት ጭራ ያላት፣ በጭራዎቿ እየቀዘፈች የምትዋኝ ነጠላ ሴል። በየላብራቶሪው የምትጠናው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1945 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከድንች ማሳ አፈር የተገኘች ነች። ሆዷ ሲሞላ ለብቻዋ እየተከፈለች ትባዛለች። ናይትሮጅን ሲጠፋ ግን ጾታ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ሴሎች ይፈላለጋሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ወፍራም ግድግዳ ሠርተው ድርቀትን የሚችል አንድ ሴል ይሆናሉ። ይህን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ሩት ሴጀርና ሳም ግራኒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የአናቤና ነገር ነው። በድሮው አጠራር ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ትባላለች፣ በትክክል ከተነገረ ባክቴሪያ ነች። ሴሎቿ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ። ናይትሮጅን ሲጠፋ ከየ10 ሴሉ ገደማ አንዱ ይለወጣል፣ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚፈጅበት። ግድግዳውን ያወፍራል፣ ኦክስጅን የሚያመነጨውን የፎቶሲንተሲስ ክፍሉን ይዘጋል፣ ምክንያቱም ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዘው ኢንዛይም በኦክስጅን ይበላሻል። ከዚያ ከአየር ያገኘውን ናይትሮጅን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፣ እነሱ ስኳር ይሰጡታል። ያ ሴል ግን ከዚያ በኋላ አይከፈልም። ልጅ የለውም። ይህን ሳስተምር ሁሌ ድምፄ ይቀየራል፣ ለምን እንደሆነ ተማሪዎቼ የገባቸው ይመስለኛል።

ፎስፈረስ ሲጎድል ዘዴው ሌላ ነው። ብዙ የባሕር አልጌዎች የሴል ሽፋናቸው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ያለበት ስብ አውጥተው በምትኩ ሰልፈር ያለበትን ያስገባሉ፣ ባሕር ውስጥ ሰልፈር ሞልቷልና። ብረት ሲጎድል ደግሞ ዳያተሞች የሚባሉት አልጌዎች ብረት ያለበትን አንድ ፕሮቲን ትተው ያለ ብረት የሚሠራ ተተኪ ይጠቀማሉ። ሰፊ የውቅያኖስ ክፍል ናይትሮጅኑ እያለ በብረት እጦት ብቻ አልጌ እንደሚያንሰው የተከራከረው የባሕር ተመራማሪው ጆን ማርቲን ነበር። ሀሳቡ እ.ኤ.አ. በ1993 ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ክፍት ባሕር ላይ ብረት ተበትኖ ሲፈተን እና አልጌው ሲጨምር እሱ ከጥቂት ወራት በፊት አርፎ ነበር። ሁሌም ያሳዝነኛል።

እኛ አገር ስለ አልጌ ሲወራ የሚወራው ከልክ በላይ ስለ መብዛቱ ነው፣ ያውም በቂ ምክንያት አለ። ከቤቴ ሥር የሚያልፈው ግንፍሌ ቀበናን ይቀላቀላል፣ ቀበና አቃቂን፣ አቃቂ አዋሽን። የከተማው ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ ቆቃ ላይ መርዛማ አልጌ የሚፈላው ምግብ ስለተትረፈረፈ ነው። ይህ ሊያስጨንቀን ይገባል፣ እኔንም ያስጨንቀኛል። ነገር ግን አልጌን በጥጋቡ ብቻ ካወቅነው ግማሹን እንኳ አላወቅነውም። ችሎታው ያለው በእጦቱ በኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት ቢጫው ጠርሙስ ውስጥ ዩሪያ ጨመርኩ። ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴው ተመለሰ። በየጊዜው ጠብታ እየወሰድን ስናይ ቅደም ተከተሉ ደስ ይላል፤ የሚያበሩት የዘይት ነጠብጣቦች መጀመሪያ እያነሱ ሄዱ፣ ሴሎቹ አረንጓዴያቸውን መልሰው ሠሩ፣ መከፈል የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀሙት አሁን ለመነሻ ዋለ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ የራሱን ሃይላንድ ይዞ መጥቷል፣ ስንት ጊዜ ቢቆይ ነው የማይመለሰው የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ከቢጫው ትንሽ እየቀዳን፣ በሌላ ጠርሙስ ዩሪያ እየሰጠን፣ አረንጓዴ ለመሆን የሚፈጅበትን ቀን እንድንመዘግብ ተስማምተናል። ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው።