«እናትህ ሞታለች»

የቶልስቶይን ልብ ወለድ አና ካሬኒናን ካነበበ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ካወራችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚደርሰው፣ ለመሞቷ ጥፋቱ የማን ነው? አንዱ ቭሮንስኪ ነው ይላል፣ አንዱ ባልየው ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኧረ ራሷ ናት ባሏንና ልጇን ጥላ እንድትሄድ ማን አስገደዳት ይላል፣ በመጨረሻ አንድ ሰው «ማኅበረሰቡ ነው» ይልና ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወሬው እዛ ላይ ይቆማል። እኔ ይሄ የመጨረሻው መልስ በጣም ነው የሚከብደኝ፣ ማኅበረሰቡ ነው ማለት እኮ ማንም አይደለም እንደማለት ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በየጊዜው የምከሰው ሰው ሲቀያየር ነበር፣ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ከጨረስኩት ሳምንትም አልሞላኝም እና ሳይበርድልኝ ልጻፈው። እኔን ከሁሉም በላይ ያበገነችኝ ብዙ አንባቢ ስሟን እንኳን የማያስታውሰው እመቤት ሊድያ ኢቫኖቭና ናት።

ላላነበባችሁ ባጭሩ፣ ዘመኑ 1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ አገሩ ሩስያ። አና የፒተርስቡርግ ትልቅ ባለሥልጣን ሚስት ናት፣ ሰርዮዣ የሚባል ልጅ አላት፣ ቭሮንስኪ የሚባል ወጣት መኮንን ትወዳለች፣ ከሱ ሴት ልጅ ትወልዳለች፣ ባሏን ሳትፈታ አብራው ትኖራለች፣ በመጨረሻ ባቡር ጣቢያ ላይ ራሷን ታጠፋለች። ቶልስቶይ ነገሩን ዝም ብሎ ከአየር ላይ አላመጣውም፣ በ1872 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ አና ፒሮጎቫ የምትባል ከጎረቤቱ ጋር ትኖር የነበረች ሴት በዛው አካባቢ ጣቢያ ላይ እንደዛው ሞታ ነበር፣ እሱም ሄዶ ሬሳዋ ሲመረመር አይቷል። ልብ ወለዱን የጀመረው በዓመቱ በ1873 ነው። ያንን በዓይኑ ያየ ሰው የጻፈው ስለሆነ ይመስለኛል አናን እንደ ማስፈራሪያ አድርጎ ያላቀረባት።

ባልየው ካሬኒን ላይ መፍረድ ቀላል ነው፣ እኔም መጀመሪያ ስፈርድበት ነበር፣ ደረቅ ነው፣ ጣቱን ያንቋቋል፣ ስለ ስሙ ነው የሚጨነቀው። ግን አና ከቭሮንስኪ የወለደች ጊዜ ልትሞት ስትደርስ እሱ አልጋዋ ስር ተንበርክኮ ያለቀሰው ለቅሶስ? ይቅር ብሏታል እኮ፣ ቭሮንስኪንም ጭምር ይቅር ብሎታል፣ የሱ ያልሆነችውን ሕፃን ሁሉም ረስቷት ልትሞት ስትል ያተረፋት እሱ ነው። ፍቺውንም ያኔ ልስጥሽ ብሏት ነበር፣ እምቢ ያለችው አና ናት። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ አናን ስለምወዳት ብቻ ንጹሕ ላደርጋት አልችልም። በዛን ጊዜ በሩስያ ፍቺ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፣ የሚፈቀደውም ለጥቂት ምክንያት ብቻ፣ ዋነኛው ዝሙት፣ ጥፋተኛ የተባለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ማግባት አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ አና ነፃ እንድትሆን ያልበደለው ካሬኒን በደልኩ ብሎ መፈረም ነበረበት። ሊፈርም ተዘጋጅቶ ነበር ሰውየው። ሳትቀበለው ከቭሮንስኪ ጋር ወደ ጣልያን ሄደች።

ከዛ በኋላ ነው ሊድያ የምትገባው፣ የካሬኒን ወዳጅ የሆነች ሃይማኖተኛ እመቤት።

ካሬኒን ብቻውን ቀርቷል፣ አዝኗል፣ የሚያዋራው ሰው የለም። እሷ እያለቀሰች መጥታ ቤትህን እኔ እይዝልሃለሁ ትለዋለች። መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ፣ ወደ ልጁ ክፍል ሄደች፣ የደነገጠውን ልጅ ጉንጩን በእንባዋ እያራሰች አባትህ ቅዱስ ነው እናትህ ደግሞ ሞታለች አለችው። በቃ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሳነበው አልፌዋለሁ፣ በሦስተኛው መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ ሄድኩ።

እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ እናትህ ሞታለች ተባለ። በንዴት አይደለም እኮ፣ በጠብ መሀልም አይደለም፣ አስባበት፣ እንባዋን እያፈሰሰች። አና ከመሞቷ ስንት ጊዜ በፊት ሞታለች ተብሎ ታውጇል ማለት ነው። ካሬኒንም ሲሰማ አልከለከለም፣ ልጁን አልዋሽም አላለም፣ የራሱን ሕሊና ለሷ አስረክቦ ዐረፈ።

ልጁ ግን አላመነም። ቶልስቶይ ይሄን ሲጽፍ እንዴት እንደቻለ አላውቅም፣ ሰርዮዣ በሞት አያምንም፣ በተለይ የሚወዳቸው ሰዎች ይሞታሉ ብሎ አያምንም፣ እና ፓርክ ውስጥ ሽርሽር ሲወስዱት እናቱን ይፈልጋታል። ሞላ ያለች፣ ጸጉሯ ጥቁር የሆነ ቆንጆ ሴት ባየ ቁጥር እሷ ናት ብሎ ልቡ ይመታል፣ አሁን ቀርባ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ፈገግ ትልልኛለች፣ ታቅፈኛለች፣ ሽታዋን እሸታለሁ እያለ ይጠብቃል። ሴትየዋ አልፋ ትሄዳለች። በኋላ ሞግዚቷ አልሞተችም ብላ ስትነግረው አባቱና ሊድያ ምን ብለው አስተካከሉት? ክፉ ስለሆነች ላንተ እንደሞተች ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

አና ከጣልያን ተመልሳ ልጄን አንዴ ልየው ብላ የጻፈችው ለባሏ አይደለም፣ ለሊድያ ነው፣ እሱን ላለማስቸገር ብላ። ደብዳቤውን ይዞ የሄደው መልእክተኛ «መልስ የለም» ተብሎ ተመለሰ። አና ሰውየውን ጠርታ እንዴት እንዳስጠበቁትና እንዴት መልስ የለም እንዳሉት ስታስነግረው እንደዛ ተዋርዳ አታውቅም ነበር። በማግስቱ መልስ መጣ፣ ስለሷ ቢነሳበት ልጁ ጥያቄ ይጠይቃልና፣ መልሱም ቅዱስ ሊሆንለት የሚገባውን ነገር እንዲኮንን ያደርገዋልና የባለቤትሽን እምቢታ በክርስቲያናዊ ፍቅር ተረጂው የሚል። ክርስቲያናዊ ፍቅር! እኔ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ጭካኔው ስድብ የለበትም፣ አንድም ክፉ ቃል የለበትም፣ ለዛም ነው ማንም ሊከሳት የማይችለው።

ስለ ቭሮንስኪ ስመጣ ትንሽ ይከብደኛል፣ ምክንያቱ የኔ ነው። መጨረሻው አካባቢ አናና እሱ በየቀኑ ይጣላሉ፣ እሷ ቀንታለች፣ እንቅልፍ አጥታ ያለ መድኃኒት አትተኛም፣ ከቤት መውጣት አትችልም ምክንያቱም ማንም ጨዋ የተባለ ሴት አይቀበላትም፣ እሱ ግን የትም ይሄዳል የትም ይገባል። በመጨረሻው ቀን ተጣልተው ሲወጣ በልቡ ምን አለ፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ የቀረኝ ችላ ማለት ብቻ ነው። ሰው ስለደከመው የሚላት ነገር ናት። እኔም አንድ ሰሞን ከምወዳት ጓደኛዬ ጋር ተኳርፈን በተደጋጋሚ ስትጽፍልኝ እያየሁ ሲበርድላት ትተወዋለች ብዬ ሦስት ቀን ዝም ብያታለሁ። ስንታረቅ እነዛን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ስትነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ። እና ቭሮንስኪን እንደ ድሮዬ ገዳይ ነው ማለት አልቻልኩም፣ ምንም አላጠፋም ማለትም አልቻልኩም።

የዛን ቀን ነገር ደግሞ በደንብ ካያችሁት በጣም ነው የሚያሳዝነው። ገና እንደወጣ ጻፈችለት፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ወደ ቤት ተመለስ መነጋገር አለብን፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ና፣ ፈርቻለሁ። ወረቀቷን ይዞ የሄደው ሰው አላገኘውም። ቴሌግራም ደገመች። ቴሌግራሙን አግኝቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት መምጣት አልችልም ብሎ መለሰ፣ እሷ ግን ወረቀቷን አንብቦ ነው እንደዚህ የመለሰልኝ ብላ አሰበች። ፈርቻለሁ ያለችውን እኮ ገና አላየውም! ጣቢያው ደርሳ ደግሞ ሌላ ወረቀት መጣላት፣ ወረቀትሽ ሳይደርሰኝ በመቅረቱ አዝናለሁ 4 ሰዓት ላይ እመጣለሁ የምትል፣ በግዴለሽነት የተሞነጫጨረች። ያንን ሲጽፍ ምን ሊፈጠር እንደሆነ ቢያውቅ በእግሩም ቢሆን ይሮጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። አላወቀም። ሊድያ ግን ልጅ ከእናቱ እየነጠለች እንደሆነ ታውቃለች፣ ልዩነታቸው ለኔ እዚህ ጋ ነው።

ዶሊንም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ የአና ወንድም ሚስት ናት፣ ከሴቶቹ ሁሉ አናን በግልጽ የጠየቀቻት እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። አና በዛው ቀን እሷ ቤት ሄዳለች፣ ልቧን ልትከፍትላት ነበር፣ ግን የዶሊ እህት ኪቲ እንግዳ ሆና መጥታ ስለ ሕፃን ሲያወሩ አገኘቻቸውና ሳትናገር ወጣች። ከወጣች በኋላ ዶሊ ምን አለች፣ ስሸኛት ልታለቅስ መሰለኝ። አየቻት እኮ። በሩ ላይ ቆማ አይታታለች። እኔ ዶሊ ላይ ጥፋት አልለጥፍም፣ ግን ይሄን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ተመለሽ ጥሪያት እያልኩ ነው የማነበው።

ፍቺውስ? አና በመጨረሻ ፈልጋዋለች፣ ወንድሟ ስቲቫ ሊለምንላት ካሬኒን ዘንድ ሄደ። ካሬኒን አስቤበት እመልስልሃለሁ ብሎ ሊድያ ቤት ጠራው፣ እዛ ላንዶ የሚባል ፓሪስ ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ የነበረ አሁን ግን ራእይ ያያል የሚባል ፈረንሳዊ አለ። ሰውየው ወንበር ላይ ተኝቶ፣ ወይም የተኛ መስሎ፣ መጨረሻ የመጣው የሚለምነው ሰው ይውጣ አለ። በማግስቱ ለስቲቫ ቁርጥ ያለ እምቢታ ደረሰው። የአንዲት ሴት ዕጣ በዚህ ተወሰነ። ያ አልጋ ስር ተንበርክኮ ያለቀሰ ሰው፣ በራሱ ልብ ይቅር ማለት ይችል የነበረ ሰው፣ ውሳኔውን ለሊድያ ሰጠ፣ ሊድያ ደግሞ ለተኛ ሰው አሳልፋ ሰጠች። ካሬኒን ላይ ያለኝ ቂም ይሄ ነው፣ ክፉ መሆኑ አይደለም፣ ደግ መሆን እንደሚችል አሳይቶን ደግነቱን ሌላ ሰው እንዲይዝለት መስጠቱ ነው።

የመጽሐፉ መክፈቻ ላይ ቶልስቶይ ከሮሜ 12፥19 የወሰደው ቃል አለ፣ በቀል የእኔ ነው እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ የሚለው። ብዙ ሰው ይሄን አና ላይ የተጻፈ ፍርድ አድርጎ ያነበዋል፣ ኃጢአት ሠራች እግዚአብሔር ቀጣት ብሎ። ቁጥሩን ከመጀመሪያው አንብቡት እስኪ፣ «ተወዳጆች ሆይ፥ ራሳችሁ አትበቀሉ» ነው የሚለው። ለኛ ነው የተነገረው። በኦፔራ ቤት ከአና አጠገብ መቀመጥ ነውር ነው ብላ ለተነሳችው ሴት ነው፣ ራሷ ውሽማ ይዛ አናን ግን እስክታገቢ ድረስ ሰው ያገልሻል ላለቻት ወዳጇ ቤትሲ ነው፣ ለሊድያ ነው። ለአናም ነው። እሷም መጨረሻ ላይ እቀጣዋለሁ፣ ከሁሉምና ከራሴ እገላገላለሁ ብላ ነው የሄደችው፣ ሞቷን ለቭሮንስኪ ቅጣት አድርጋ አስባዋለች፣ ይሄም እውነት ነው፣ ከባድ እውነት ነው። ግን ቶልስቶይ እዛ ላይ አልተዋትም። በመጨረሻዋ ቅጽበት የት ነኝ፣ ምን እያደረግኩ ነው፣ ለምን ብላ ደንግጣ ልትነሳ ሞክራለች። ረፍዶ ነበር። ስለዚህ ራሷ መርጣ ነው ለሚል ሰው የምመልሰው ይሄን ነው፣ የመጨረሻ ምርጫዋ መኖር ነበር።

ከሞተች በኋላ የቭሮንስኪ እናት እምነት የሌላት የክፉ ሴት ሞት ነው የሞተችው አለች። ልጇ ከሴት ጋር መታማቱ ስም ይጨምርለታል ብላ መጀመሪያ ላይ ደስ ያላት እኮ ይቺው እናት ናት። ቭሮንስኪ ለሰርቢያ ልዋጋ ብሎ ሄደ፣ ትንሿን ልጅ ካሬኒን ወሰዳት። ስለ ሊድያ ማንም ምንም አላለም።

እኔ ግን ከነዚህ ሁሉ የማልረሳው አንድ ቀን አለ። የሰርዮዣ ልደት ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ። አና መልስ የለም ከተባለች በኋላ በጠዋት ፊቷን ሸፍና እንደ ሌባ የገዛ ቤቷ ገባች፣ በረኛው አወቃትና ዝም ብሎ ጎንበስ አለላት። ልጁ አልጋው ላይ በእንቅልፍ ልቡ እጆቿ ላይ ተጠቀለለ፣ አውቄ ነበር እንደምትመጪ አላት። ሞታለች ማለታቸውን አላመንኩም አላት። የሚነጋገሩበት ጊዜ አልነበራቸውም፣ አባትየው እየመጣ ነው ተባለ፣ እሷም አባትህን ውደደው፣ ከኔ ይሻላል፣ በድዬዋለሁ፣ ስታድግ ትፈርዳለህ ብላው ወጣች። ካሬኒንን በሩ ላይ አገኘችው፣ ዓይነ ርግቧን ጥላ በፍጥነት አለፈችው። ሆቴል ስትደርስ ነው ያየችው፣ ትናንት በፍቅር እየመረጠች የገዛችለት መጫወቻ ጥቅሉ ሳይፈታ እጇ ላይ ነበር።