የኦክቶበር ሀፍ ተርም ከልጆቼና ከእናቴ ጋር፦ ዊንዘር፣ ሪችመንድ ፓርክና ባዝ

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ የኦክቶበርን ሀፍ ተርም ያውቃታል። ትምህርት ቤት ተከፈተ ተብሎ ደስ ሳይለን ድፍን ሳምንት ይዘጋል። አገር ቤት ጥቅምት አደይ አበባውና ፀሐዩ ነው። እዚህ ግን ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዝናቡ መጣሁ ሄድኩ ይላል፣ ልጆቹም ታብሌት ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። በክፍያ የሚወሰዱባቸው መጫወቻ ቦታዎች ደግሞ በዚያ ሳምንት ዋጋቸው አይቀመስም።

እኛ ቤት እናቴ አለች። ልጆቹ እማማ ይሏታል። አማርኛቸው የተሰባበረ ነው፣ የእሷም እንግሊዝኛ እንደዚያው። ስለዚህ ለሀፍ ተርም የምንሄድበትን ቦታ ስመርጥ አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እማማ ስለዚህ ቦታ የምትነግራቸው ነገር አላት ወይ? ካላት ቀኑ ሰመረ ማለት ነው። ልጆቹ ከሙዚየም ጽሑፍ ይልቅ የእሷን አፍ ነው የሚያዩት።

በዚህ ሐሳብ መጀመሪያ የሄድነው የንጉሣውያኑ ቤተ መንግሥት ያለበት ዊንዘር ነው። ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ሳይቀየር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የእማማ ታሪክ ተነግሮ ያለቀው እዚያው ባቡር ላይ ነበር፤ ይህን ደግሞ ለማንም ወላጅ እመክራለሁ። ቦታው ላይ ከደረሱ በኋላ ሰው ይበዛል፣ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ባቡር ላይ ግን መውጫ የለም። እናቴ ከአጼ ቴዎድሮስ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን እንደጠጡ ነገረቻቸው። ልጃቸው ዓለማየሁ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ብቻውን ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ገባ፣ ግን አልተመቸውም። በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ታሞ ሞተ። ትንሿ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። «እኔን ያክላል?» አለች። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ጥያቄዋ አላባራም።

ቤተ መንግሥቱን ያስጀመረው ዊልያም ድል አድራጊው ነው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን። ልጆቹን የማረካቸው ግን የ1992ቱ ቃጠሎ ነው። የትኛው ጣሪያ ተቃጠለ፣ የትኛው አዲስ ነው እያሉ ሲያንጋጥጡ አንገታቸው ሊቀነጠስ ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ግቢው ውስጥ ባለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ላይ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ እዚያ ተቀብሯል። ንግሥት ኤልሳቤጥም እዚያው ናቸው። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ያረፈው ከጸሎት ቤቱ ውጭ፣ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም። ውስጥ ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችለት የነሐስ ሰሌዳ አለ። ካልጠየቁ ያልፉታል። እዚያ ከቆሙት አስተናባሪዎች አንዱን ጠየቅን፣ ደስ ብሎት ወሰደን። ሰሌዳው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ቃል ተጽፏል።

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ አማተበች፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ግድግዳውን ዳሰስ አድርጋ «አይ የኔ ልጅ፣ በሰው አገር» አለች። ወንዱ ልጄ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየ። ትንሿ ግን «ማሚ፣ ለምን አይመልሱትም?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ኢትዮጵያ አጽሙ እንዲመለስ ጠይቃለች፤ በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። «ታዲያ ቀስ ብለው ቢያወጡትስ?» አለች። እኔም ከእሷ የተሻለ መልስ የለኝም። ይመለስ ባይ ነኝ። ልጆቼም ጉዳዩን ማወቅ ያለባቸው አድገው ከኢንተርኔት ሳይሆን፣ በልጅነታቸው ከአያታቸው ጋር እዚያው ቆመው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወጥተን ልጆቹን ለቀቅናቸው። ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ ሎንግ ዎክ የሚባለው ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ግራና ቀኝ ዛፍ፣ መጨረሻው ኮረብታ ላይ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሐውልት። ይህ ቅደም ተከተል በጣም ይጠቅማል። ጠዋት ታሪኩ፣ ከሰዓት ሩጫው። አስቀድመው ከሮጡ ጭቃ ተለውሰው፣ ደክመውና ርቧቸው ጸሎት ቤት ይገባሉ፣ ያን ጊዜ ምንም ነገር አይገባቸውም።

ለዊንዘር ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። እሑድ ደግሞ ጸሎት ቤቱ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። ሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይሻላል።

ሪችመንድ ፓርክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1637 አጥር ያሳጠረው የአደን ቦታ ነበር። ዛሬም ከ600 በላይ አጋዘኖች ለንደን ውስጥ እንደልባቸው ይኖሩበታል። ሀፍ ተርም የሚውለው አጋዘኖቹ የሚጠቃቁበት ወቅት ላይ ነው። ወንዱ ያገሳል፤ ድምፁ ከሩቅ ሲመጣ ልጆቹ አንበሳ መስሏቸው እጄን ጨበጡ። አንዱን በደንብ አየነው። አንገቱን ዘቅዝቆ ቀንዱን ደረቅ ቅጠልና ሣር ውስጥ ያሽከረክራል። ቀና ሲል ቀንዱ ላይ ቡናማ ቅጠል ተጎንጉኖ ተንጠልጥሏል። ይህን የሚያደርገው ገዝፎ እንዲታይ ነው። ወንዱ ልጄ «ጎፈር ያደረገ ጀግና» አለው። ጎፈሩን የሚያውቀው እናቴ ካሳየችው የአርበኞች ፎቶ ነው፤ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከአጋዘኖቹ ቢያንስ 50 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ አይጠጉ አልኳቸው፣ ገባቸው። ፎቶ ለማንሳት ስልክ ይዘው የሚጠጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። በዚህ ወቅት ወንዱ አጋዘን ሰው አይፈራም፤ በእናትና በልጅ መካከል መግባትም አደገኛ ነው። ልጆቼን «እሱ ቤት ነን» እያልኩ ነው የወሰድኳቸው። መሬት የወደቀ ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ ለመልቀምም አትፍቀዱላቸው፤ ክልክል ነው። ለአጋዘኖቹ የክረምት ስንቅ ነው።

ስለ ስንቅ ካነሳን የእኛ ነገር ፍርፍር ነው። አፈ ሰፊ የምግብ ቴርሞስ ገዛሁ። ጠዋት የፈላ ውኃ ሞልቼ አሙቄው፣ ውኃውን ደፍቼ ትኩስ ፍርፍር አጭቄ እከድነዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሲከፈት እንፋሎት ይወጣዋል። ረቡዕና ዓርብ ለእናቴ የጾም በሌላ ዕቃ ይያዝላታል። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ፣ ለመንገድ ቆሎ፣ አለቀ። ካፌ ገብተን ለአምስት ሰው የምንከፍለው የአንድ ሰው ባቡር ይገዛል።

ባዝ ከሁሉም ሩቁ ነው፤ ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ሰዓት ተኩል ያህል። እናቴ ግን በዕድሜዋ ሙሉ ማየት የምትፈልገው ቦታ ነበር። ጃንሆይ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት ባዝ ውስጥ፣ ፌርፊልድ ሀውስ ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማው አረጋውያን አገልግሎት ሰጡት። በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አጣርቶ መሄድ ይገባል። ቤቱ ከመሐል ከተማው ወጣ ይላል፣ በአውቶቡስ ነው የሄድነው። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ጠብቀው ነበር። የድንጋይ ቤት፣ ግቢና ዛፍ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ከዚህ ቤት ወጥተው ነው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡት» አለቻቸው። በዓሉን ቤተ ክርስቲያን ሲከበር ያውቁታል፤ ከየት ተነሥተው እንደገቡ ግን ሰምተው አያውቁም ነበር።

ከሰዓት የሮማውያን መታጠቢያ ገባን። ውኃው ከመሬት ሲወጣ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። በብርድ ቀን ሲሄዱ እንፋሎቱ ከአረንጓዴው ውኃ ላይ ሲነሳ ይታያል፤ በጋ ላይ እንዲህ አያምርም። መዋኘትም ሆነ መንካት አይፈቀድም። እናቴ ፍል ውኃን፣ አምቦንና ሶደሬን እያነሳች ስታወዳድር፣ ልጆቹ ለልጅ በተዘጋጀው የጆሮ ማዳመጫ ታሪክ እየሰሙ ዞሩ።

ወጪውን የቀነሰልን ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ የሚባለው የባቡር ካርድ ነው። ለአዋቂ ሲሶ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 60 በመቶ ይቀንሳል። ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ መኖር አለበት። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ነው የሚሄዱት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ቤተሰቦች የለንደን ታወርን በ1 ፓውንድ ቲኬት መጎብኘት ትችላላችሁ። ብዙ የአገራችን ሰው ይህን አያውቅም፤ እባካችሁ ተነጋገሩ። በመብታችሁ መጠቀም ነውር የለውም።

ሰዓቱንም አትርሱ። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በአገራችን አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ስለዚህ በማለዳ እንወጣለን፣ በጊዜ እንገባለን። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ የሚደርበው ባዝ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም መንገዱ ስለሚርቅ። ለእናቴ ጉልበት ስል መቀመጫ ያለበትን ቦታ ከቤት ሳልወጣ ካርታው ላይ እፈልጋለሁ፤ ቆመን በጠበቅናት ቁጥር ልጆቹም አዲስ ነገር ያያሉ።

ለግንቦቱ ሀፍ ተርም አይል ኦፍ ዋይት የሚባለውን ደሴት አስበናል። ንግሥት ቪክቶሪያ ዓለማየሁን ያገኘችበት ኦዝበርን ሀውስ እዚያ ነው፤ ከሳውዝሃምፕተን በጀልባ ይኬዳል። ትንሿ ልጄ ጀልባውን፣ እናቴ ቤቱን እየጠበቁ ነው። ወንዱ ልጄ ደግሞ በዚህኛው ጉዞ ባቡር ላይ ታሪኩን የምናገረው እኔ ነኝ ብሏል፣ በአማርኛ።